«ቀበሌ» የተባለው የሄቪ ሜታል ባንድ አመጣጥ

የሮክ ዘፋኝ ጉልበት ቶሎ ያልቃል። ይህን የምላችሁ ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ ላስ ቬጋስ ውስጥ የሊሞዚን ሾፌር ስለሆንኩ ነው። ሾፌር ደግሞ የሰውን ጉልበት ከሐኪም ባልተናነሰ ያያል። መኪና ውስጥ መግባትና መውጣት ቀላል ነገር መሰላችሁ? እስቲ ሰባ ዓመት ሲሞላችሁ፣ ጠባብ የቆዳ ሱሪ ለብሳችሁ ሞክሩት።

አንዱን ከኤርፖርት ወደ ሆቴሉ ያመጣሁበት ቀን አይረሳኝም። ስሙን አልጠራውም። በጉብዝናው ዘመን መድረክ ላይ ጊታር እየሰባበረ አገር ያስጮኸ የሄቪ ሜታል ሰው ነው። ጸጉሩ እስከ ወገቡ፣ በየጣቱ ላይ የራስ ቅል ቀለበት። እኔም ላስደስተው ብዬ ሬዲዮውን እሱን የመሰለ ጩኸት ላይ አድርጌ ጠበቅኩት። ገና ሳይቀመጥ፣ እባክህ ወንድሜ ቀንስልኝ፣ ራሴን ያመኛል አለኝ። ከቦርሳው ፔርሙስ አወጣ። ውስኪ ነው ብዬ በመስታወት ሳየው ለካ የፈላ ውኃ በማር ነው!

መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ወሬ ጀመርን። እንዴት ጀመርከው ብዬ ጠየቅኩት። የአሜሪካ ሄቪ ሜታል ባንድ ሁሉ ታሪኩ አንድ ነው አለኝ። አራት ልጆች፣ አንድ ጋራዥ፣ አንድ የተናደደ አባት። ጋራዡ በከበሮ ስለተያዘ የአባትየው መኪና ውጭ በረዶ ላይ ያድራል። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሰው ይሰማቸውና ዝነኛ ይሆናሉ። ዝነኛ ሲሆኑ መሃል ላይ ማን ይቁም በሚል ይጣላሉ። ይለያያሉ፣ ይካሰሳሉ፣ ይታረቃሉ። በመጨረሻ የስንብት ኮንሰርት ያደርጋሉ። እሱ የስንብቱን ኮንሰርት አራት ጊዜ አድርጎታል።

በዚህ እንኳ አልተገረምኩም። ሀበሻ ከግብዣ ሲወጣ አይታችሁ የለ? ሳሎን ውስጥ ይሰናበታል፣ በር ላይ ይሰናበታል፣ መኪናው ጋ ሲደርስ ደግሞ ዋናውን ወሬ ይጀምራል። የሮክ ሰዎችም እንደኛው ናቸው። መሰናበቱም ሲሰለቻቸው ላስ ቬጋስ ይመጣሉ። እዚህ አገር ለአገር መዞር የለም፤ ሕዝቡ ራሱ በአውሮፕላን ይመጣላቸዋል፣ ወደ መድረኩም የሚያወጣቸው አሳንሰር አለ።

ትከሻዬን ይዞ ሲወርድ፣ አባትህስ በኋላ ሙዚቃውን ወደደልህ ወይ አልኩት። አባቴ አንድ ቀን እንኳ ጋራዡ ውስጥ ገብቶ ሰምቶኝ አያውቅም አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

እንግዲህ እኔ የባንድን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያውን አላውቅም ነበር። መጀመሪያውን እግዚአብሔር በገዛ ጋራዤ አሳየኝ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ላይ በኮቪድ ምክንያት ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ሊሞዚኑ ቆመ፤ እኔም ኢንተርፕራይዝ የሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን ገብቼ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ሶስና የሆስፒታል ሥራዋን አላቋረጠችም። ልጃችን ሊዲያ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትምህርቷን በኮምፒውተር ትማራለች። አንድ ቀን ከጋራዡ የሚያስፈራ ድምፅ ሰማሁ። የወጥ ቤቱ የቆሻሻ መፍጫ ማሽን ማንኪያ የዋጠ መሰለኝ። ሮጬ ሄድኩ። ልጄ ናት! አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ገትራ፣ ከሆዷ ውስጥ እንደ አንበሳ ታገሳለች። ከበሮውን የሚመታው የጎረቤታችን የፊሊፒኖው ልጅ ነው። ሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጊታር ይዘዋል። ሁሉም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል፤ ዓይናቸውንም በጥላሸት የመሰለ ነገር ተኳኩለዋል።

መኪናዬ ከጋራዥ ወጣች። የኛ ከተማ አባት በረዶ የለበትም፤ የቬጋስ ፀሐይ ግን አለችለት። በሐምሌ መሪውን የምይዘው በምድጃ ጓንት ነበር። የሰፈራችን ማኅበር፣ ግቢያችን ላይ ያለውን የጠጠር ቀለም ሳይቀር የሚቆጣጠረው ማለቴ ነው፣ ደብዳቤ ላከብን። በብዙ ልመና ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በሩን ከፍተው እንዲጮሁ ተፈቀደላቸው። በሌላው ቀን በሩን ገርበብ አድርገው ቀስ ብለው ይጮሃሉ። ቀስ ብሎ የሚጮህ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስም ማውጣቱ ላይ የኔም እጅ አለበት። ሊዲያ ምሳ ላይ፣ «ባባ፣ በአማርኛ በጣም ስኬሪ የሆነ ቃል ምንድነው?» አለችኝ። አሰብኩ። ጅብ? ጅብ ለምጄዋለሁ። ሰይጣን? እናቷ ሁለታችንንም ታባርረናለች። ሳላስበው «ቀበሌ» የሚለው ቃል ከአፌ አመለጠ። ምን ማለት ነው አለችኝ። የኔ ልጅ፣ አልኳት፣ እኔ ልጅ እያለሁ በር ተንኳኩቶ «ከቀበሌ ነው» ከተባለ አባቴ ጎርሶ የነበረውን ሳያላምጥ ይውጥ ነበር። ስብሰባ የሚጠራው እሱ፣ የቀረውን ሰው ስም የሚጽፈው እሱ። ዘመኑ ተለውጦ መታወቂያ ለማሳደስ ብትሄጂ ደግሞ ማኅተሙ አለ፣ ማኅተም የሚመታው ሰው የለም። ልጄ ዓይኗ አበራ። «ባባ፣ ይሄ በጣም ዳርክ ነው!» አለች። በሳምንቱ አራቱም ጥቁር ካናቴራ አሠርተው መጡ። ደረታቸው ላይ እሾህ በመሰለ ፊደል «ቀበሌ» ይላል።

ዓመቱ ዞረ፣ ክትባት መጣ፣ ከተማው መከፈት ጀመረ። መሃል ከተማ ያለ፣ ኮንሰርት የሚቀርብበት አንድ ትንሽ የሙዚቃ ቤት የሚከፈትበትን ቀን በአንድ ወጣት ባንድ አስጀምራለሁ አለ። መወዳደሪያው ቪዲዮ ነው። ሳይቋረጥ የተቀረጸ፣ ፊት ለፊቱ ቢያንስ ሠላሳ ተመልካች ያለበት። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ።

ሠላሳ ሰው ከየት ይመጣል? ሊዲያ የምታውቀውን ሁሉ ጠራች። የአንዱ እናት ኮቪድ ፈራች፣ ሌላው ሺፍት አለብኝ አለ፣ የቀሩት ደግሞ እውነቱን ተናገሩ፤ ሙዚቃው ያስጠላናል አሉ። ዓርብ ማታ ድረስ እመጣለሁ ብሎ የቆረጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የከበሮ መቺው አያት። እሳቸው ጆሯቸው አይሰማም። ልጄ ወጥ ቤት ቆማ አለቀሰች፤ ያ ጥላሸት ጉንጯ ላይ ወረደ። አይዞሽ እኔ እኖራለሁ አልኳት። «ባባ፣ አንተ አንድ ሰው ነህ» አለችኝ፣ «ደግሞ አንተ አንድ ቀን ገብተህ አልሰማህም።» ያ ከኤርፖርት ያመጣሁት ሰውዬ ትዝ አለኝ። እውነቷን ነው። ሁልጊዜ «በኋላ» እላታለሁ፤ ዓመት ሙሉ «በኋላ»!

አሁን ወደ ሐሙስ ልመልሳችሁ። ይህን እኔ የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ሐሙስ ቀን ወይዘሮ ዘነበች፣ የሚስቴ ወዳጅ ናቸው፣ የተዋሱትን ትልቅ ድስት ሊመልሱ መጡ። መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ሲወርዱ ከጋራዡ ኡኡታ ሰሙ። በገርባባው በር አጮልቀው ሲያዩ ጥቁር የለበሱ ልጆች፣ ጸጉሯን የበተነችው ሊዲያ፣ ራሷን እየናጠች ስትጮህ። ወይዘሮ ዘነበች ድስቱን እንደያዙ ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ስልኩም መደወል ጀመረ። ወደ እኛ ቤት ግን አይደለም።

ለምን እኛ ጋ አልደወሉም? ለቅሶ ቤት ደውሎ «ለመሆኑ ማን ሞተባችሁ?» የሚል ሀበሻ የት አለ? ነውር ነው! ሰው መጀመሪያ ይመጣል፣ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ አጠገቡ ከተቀመጠው ቀስ ብሎ ይሰማል። ያ ዓመት ደግሞ በር ተዘግቶ ለቅሶ ሁሉ በስልክ የሆነበት ዓመት ነበር። አሁን ክትባት ተወግቶ፣ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የሚለቀስበት ለቅሶ ተገኘ ሲባል ማን ይቀራል?

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። የሊዲያ ስልክ በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ቆመ። ፊት ለፊት አያትየው ተቀምጠው ፈገግ ይላሉ። ከጎናቸው እኔ። ሶስና ሥራ ገብታለች። ሊዲያ ባዶውን ግቢ አየችና ትከሻዋ ወደቀ፤ ቢሆንም ጀመረች።

በዚህ መሃል መኪና መጣ። ደግሞ ሌላ። ሰባት፣ ስምንት ሆኑ። ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ጎዳና አካባቢ ያሉት በሙሉ፣ ከቦልደር ሲቲ ድረስ የነዳም አለ። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ወንዶቹ የታሸገ ውኃና ታጣፊ ወንበር ተሸክመው። ሁሉም ማስክ አድርገዋል። ከፊት የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።

እኔ ምን ይምጣልኝ? አርባ ሀበሻ በጠዋት ተሰብስቦ፣ ጥቁር ለብሶ ደጄ ላይ ሲቆም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ! ለባለቤቱ በስልክ አይነገርማ፤ እንዲህ ተሰብስበው ነው የሚያረዱት። ክው አልኩ። እትዬ ወርቄ! አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ፣ እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ። ከደወልኩላት ሦስት ሳምንት አልፎኛል። «እትዬ ወርቄን!» ብዬ ጋሽ ታደሰ ትከሻ ላይ ወደቅኩ።

እነሱም ማን እንደሞተ ገና መስማታቸው ነው። «እትዬ ወርቄ ናቸው» የሚል ሹክሹክታ እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ። ለቅሶው ቀለጠ። ሊዲያ ያንን ከሆድ የሚወጣ ጩኸት ስትለቀው ወይዘሮ ዘነበች ተቀበሏት። እሷ ስታገሳ ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፤ ከበሮው ሲፈጥን ደረቱም ይፈጥናል። ልጄ ይህን ሁሉ ሰው እኔ የጠራሁላት መሰላት። እንደዚያን ቀን ዘፍና አታውቅም። ካሜራው ይቀርጻል፤ አያትየው ያጨበጭባሉ።

መሃል ላይ ጋሽ ታደሰ ከትከሻዬ ቀና ብለው የልጆቹን ካናቴራ አነበቡ። ክንዴን ጨመደዱኝ። «መስፍን፣» አሉኝ በጆሮዬ፣ «እነዚህ ሰዎች እዚህም ደረሱ?»

ዘፈኑ አለቀ። እንባዬን ጠርጌ፣ ጋሽ ታደሰ፣ ለመሆኑ እትዬ መቼ ነው ያረፈችው፣ ማንስ ነገራችሁ አልኳቸው። እኛማ ካንተ ልንሰማ ነው የመጣነው አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። እትዬ ወርቄ ራሷ አነሳችው። እራት አቅርቤ ልበላ ስል ምነው ደወልክ፣ ማን ሞተ አለችኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር አርባውም ሰው ሰማት።

በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ሰውን ሁሉ በውሸት ያስለቀስኩ ያህል ተሰማኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባለፈው ዓመት ወንድማቸው ሞቶ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን ነበር ያለቀሱት። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም ነበር አሉ፣ ዛሬ ወጣልኝ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ለካ ለእትዬ ወርቄ ያለቀሰ ማንም የለም፤ ሁሉም የየራሱን ነው ያለቀሰው። ወይዘሮ ዘነበች አፍንጫቸውን ጠርገው፣ «ልጅቷ ታውቅበታለች» አሉ። «ሌላ የላትም?»

ሁለት ሌላ ነበራት። ሁለቱንም ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አልዋሻችሁም፣ ዘፈኑ አልገባኝም። ልጄን ግን እንዲያ አይቻት አላውቅም። ኮራሁባት፤ እንደገና አለቀስኩ።

መልሱ የመጣው በአሥረኛው ቀን ነው። ተመርጣችኋል ይላል። ጩኸት ሁሉም ባንድ አለው፤ ተመልካቹን እንዲህ ልቡን የነካ ግን አላየንም ይላል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ እነዚያን ጥቁር የለበሱ ሰዎች ይዛችሁ ኑ!

ሊዲያ ዘለለች፣ አቀፈችኝ፣ «ይመጣሉ አይደል ባባ?» አለችኝ። እኔ አፌን ሞልቼ አዎ አልኩና ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሰርግ ነው ብንላቸው ሁለት ሰዓት ያረፍዳሉ አሉ። ስብሰባ ነው ብንል ግማሹ ይቀራል። ሁሉም ሰው በሰዓቱ የሚደርሰው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በሙሉ ቁም ነገር፣ «እንግዲህ መስፍን፣ ማን ሞተ እንበላቸው?» አሉኝ።

እትዬ ወርቄን አንልም፤ ድምጿን ሰምተዋታል። የሰው ዘመድ መግደል ደግሞ ነውር ነው። ወጣን፣ ወረድን፣ ከኔ የተሻለ ሰው አጣን።

ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እኔ እሞታለሁ። ብትሰሙ እንዳትደነግጡ። ጥቁር ልበሱ፣ ማስካችሁን አትርሱ። ወንበር ግን አትያዙ፤ እዚያ ቤት የሚለቀሰው ተቁሞ ነው።