ሙሽራዋ ፊት ላይ የተጻፈው

እኔ ወሬ አላበዛም። ሚስቴ እንኳ እኔን ከግድግዳ የሚለየኝ እራት መብላቴ ነው ትላለች። ግን "ነጻ ነው" የሚባል ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

እስኪ ስማኝ። አንድ ጊዜ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ወደ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ስመለስ ዓሣ የጫነ ፒካፕ ቆመልኝ። ሹፌሩ "አባት፣ ውጡ፣ በነጻ ነው" አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሰውየው በየሱቁ ቆመ። ሲጋራ ገዛ። ጎማ አስነፋ። ከአንዲት ሴት ጋር ሲሳሳቅ ቆየ። እኔ ዓሣው ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ይጠብሰኛል። ምን ልበል? በምን አፌ? ባጃጅ ይዤ ቢሆን ኖሮ ገና መጀመሪያው ሱቅ ላይ "አንተ፣ ትሄዳለህ አትሄድም?" እለው ነበር። ያን ቀን ገባኝ። የሚከፍል ሰው መቆጣትንም አብሮ ይገዛል። ቤት ስደርስ ሚስቴ አሸተተችኝና በር ላይ አቆመችኝ። እሱም በነጻ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ታደለች ትባላለች። ሲቀላ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ የሠርግ ቪዲዮ ቤት አላት። ትቀርጻለች፣ ኮምፒውተር ላይ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታስገባበታለች፣ በሲዲ ታስረክባለች። መቁረጫው ፕሮግራም ይባላል። "ገዝተሽው ነው?" ብላት ሳቀችብኝ። "አባዬ ደግሞ! ኢንተርኔት ላይ በነጻ የተቀመጠ ነገር ሞኝ ካልሆነ ማን ይገዛል?" አለች።

ከዚያ ደጋ ላይ ያለችው የገረሴዋ ብርቱካን ሠርግ መጣ። ሙሽራው አርባ ምንጭ የሚያስተምር ጨዋ ልጅ ነው። ሽማግሌ አድርጎ የላከኝም እሱ ነው። እኛ ደጋ ላይ ሙሽራ ራሷን ቅቤ ተቀብታ፣ ታጅባ ገበያ ትወጣለች። ሶፌ ይባላል። ገበያተኛው ያያታል፣ ይመርቃታል። ሰው ያላያት ሙሽራ ገና እንዳላገባች ናት። ችግሩ ብርቱካንን ያሳደጓት አያቷ፣ እማማ ማርታ፣ ከአልጋ አይወርዱም። "ታደለች ትቅረጽልኝ። ፊቷን አይቼ እመርቃታለሁ" አሉ። ብርቱካንም የአያቴ ምርቃት ሳይደርሰኝ ከባሌ ጋር አርባ ምንጭ አልወርድም ብላ ቁጭ አለች። የባልየው ፈቃድ ደግሞ እያለቀ ነው። ትምህርት ቤቱ ስለ ቅቤ ምን ገዶት?

ሲዲው ደረሰ። የጎረቤት ቴሌቪዥን በሁለት ሰው አሸክመው አመጡ። ቤቱ በሰው ሞላ። ገበያው ታየ፣ ብርቱካንም መጣች። ስክሪኑ መሐል ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነገር ተጋድሟል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጌጥ መሰለኝ። ብርቱካን ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ካሜራው ይከተላታል፣ ነጩ ነገር ፊቷ ላይ። ወደ ግራ ትዞራለች፣ አሁንም ፊቷ ላይ።

እማማ ማርታ "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

ሙሽራው አስተማሪ አይደል? አነበበው። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ስም ነው አለ። በነጻ ለሚጠቀም ሰው እንዲህ እየጻፉ ነው የሚሰጡት ብሎ አስረዳ። ባያስረዳ ይሻለው ነበር።

"ስሙን ልጄ ፊት ላይ ጻፈ?" አሉ እማማ ማርታ። "ምልክት የሚደረገው ከብት ላይ ነው። እኔ ልጅቷን የዳርኩት ለአንድ ሰው ነው። ይሄ ሁለተኛው ማነው?"

ሙሽራው አቀረቀረ። ምርቃቱ ቀረ። ብርቱካን አለቀሰች።

ነገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ፣ ዱቡሻ ሄደ። ዱቡሻ የሸንጎ ሜዳችን ነው። ሳሩ ላይ በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ተነጋግረው ይታረቃሉ። አንደኛው ወገን ከሌለ ነገሩ አይከፈትም። ሰብሳቢው አቶ አንጁሎ "ባለምልክቱ ይቅረብ" አሉ።

"ባሕር ማዶ ነው ያለው" አለች ታደለች።

"ዘመዱ ይቅረብ።"

"ዘመዱን አላውቅም።"

"ታዲያ ዕቃውን ማን ሰጠሽ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ ያወረድኩት።"

አቶ አንጁሎ ወደ እኔ ዞር አሉ። "ባለቤቱን ሳያውቅ ዕቃ የሚያነሳ ሰው እኛ አገር ሌላ ስም አለው" አሉ። ከዚያ ለእሷ ለስለስ ብለው "ልጄ፣ ብንጠራው የሚመጣ ሰው ያለው ዕቃ ይዘሽ ነይ" አሏት።

ልጄ ግን እልኸኛ ናት። መጀመሪያ አንዱ የኮምፒውተር ተመራቂ በፍላሽ ያመጣላትን፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ጫነች። ምልክቱ ጠፋ። ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ፤ ቫይረስ ነው አሉ። ደግነቱ ሠርጉ የተቀረጸባቸው ካሴቶች ተርፈዋል። ኮምፒውተሩ ሲጠገን፣ ያኔ ከንፈሯን ነክሳ አዲስ አበባ ካለ ሕጋዊ ሻጭ ገዛች። አቶ ግርማ ይባላል።

የተገዛውም ፕሮግራም ቢሆን በመልአክ እጅ አልተሠራም። መሐል ላይ ቀጥ አለ። ታደለች ደወለች። አቶ ግርማ ስልኩን አነሳ! ምሳ እየበላ ነበር፣ ማኘኩ ይሰማል። "ተቆጪው እንጂ፣ ከፍለሻል እኮ" አልኳት ከጎኗ ሆኜ። ተቆጣችው። ይቅርታ ጠየቀ። "እህቴ፣ አይዞሽ፣ ያንን ዝጊው፣ ይሄን ንኪው" እያለ ምሳው እስኪቀዘቅዝ አብሯት ቆየ። ስለ ነጻው ለማን ይደወላል? ማን ምሳውን ያቆምልሃል?

ገረሴ ተመለስን። ቴሌቪዥኑን እንደገና ተሸከሙት። ብርቱካን ገበያ መሐል መጣች፤ ግንባሯ፣ ዓይኗ፣ በጆሮዋ ሥር የሚወርደው ቅቤ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ። እማማ ማርታ እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ዳሰሱት። ከዚያ ብርቱካንን አስጠግተው ረጅም ምርቃት መረቋት። ባልየው ሻንጣውን አነሳ።

"ቆይ፣ ምልክቱን ያነሳውን ሰው ጥሩልኝ፣ እሱንም ልመርቀው" አሉ እማማ ማርታ።

ታደለች አቶ ግርማ ጋ ደውላ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቀችው። እማማ በጋሞኛ መረቁት። ልጅህ ይደግ፣ ከብትህ ይርባ፣ ገብስህ ያፍራ። አንድም ቃል አልገባውም፣ ግን በየመሐሉ "አሜን፣ አሜን" ይላል። ጥሩ ነጋዴ ነው። ሲጨርሱ "እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታደለችን አንድ ነገር ላስታውሳት፣ የፕሮግራሙ ፈቃድ የሚሠራው ለአንድ ዓመት ነው" አለ።

ተተረጎመላቸው። "ካለቀ ምልክቱ ይመለሳል?" አሉ።

"የተሠራው ላይ አይመለስም፣ እማማ። አዲስ ሠርግ ላይ ግን ካልታደሰ ይመጣል።"

እማማ ማርታ ከብርቱካን በታች ያሉትን የልጅ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ጫማህን አታውልቅ። ፈቃዱ ሳያልቅ እነዚህን ሁሉ እንድራቸዋለን።"

ይኸው፣ ከዚያ ወዲህ ጉልበቴን እያሸሁ ለሽምግልና የደጋውን ዳገት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መግዛት ይሻላል ያልኩትን ዛሬም አልቀየርኩም። ነጻው ቢሆን ኖሮ ግን ቀን ስለማይቆጥርብን ቤቴ እቀመጥ ነበር።