እናቴ ፎቶ የተነሳችበት ልብስ

ሰው ፎቶ የሚነሳው መልኩን ለማስቀመጥ ነው የሚል ካለ፣ ያ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ፎቶ ቤት ሄዶ አያውቅም። መልክማ ምን ጊዜም አለ፤ ይዘነው እንውላለን፣ ይዘነው እናድራለን። ፎቶ የሚነሳው ልብስ ነው። እኛ ከላዩ አንገታችንን ብቅ አድርገን እናጅበዋለን እንጂ ጉዳዩ የኛ አይደለም። ካላመናችሁ ግድግዳችሁ ላይ ያሉትን ፎቶዎች እዩ። "ይሄ ኮት የማን ነበር?" ሳይባል የታለፈ ፎቶ አለ?

ይህን የምናገረው ዛሬ ልቤ ስለቀለለ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቢሆን ስለ ልብስ ቀርቶ ስለ ምንም ማውራት አልችልም ነበር።

ንፋስ መውጫ የሒሳብ መምህር ነኝ። የሒሳብ መምህር ውሸት አይችልም ይባላል። እውነት ነው፤ እኔም አልችልም። ክፋቱ፣ አለመቻሌን ሁሉም ሰው ሲያውቀው ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም አጠገብ ካለው መንደራችን እኔ ጋ መጣች። አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል። በስልክ ስትነግረኝ "ሽምብራ ታህላለች" ብላኝ ነበር። ደርሳ ሳያት ሎሚ ታህላለች። ደብረ ታቦር ወሰድኳት። ሐኪሙ በመርፌ ቀዳና ለምርመራ እንደሚልከው፣ ውጤቱም በአስር ቀን እንደሚደርስ ነገረን። እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠራ አድርጎ ደግሞ ክፉም ሊሆን ይችላል፣ ደግም ሊሆን ይችላል፣ ከአሁኑ አትጨነቅ አለኝ። አትጨነቅ የተባለ ሰው ሳይጨነቅ ሲቀር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እናቴ ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ ብርድ ነው አልኳት። በኛ ከተማ ለማንኛውም ነገር በንፋሱ ማሳበብ ያስኬዳል። እሷም ብርድ ከሆነ ደግ ነው ብላ ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳብ አደረገች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የእናቱን በሽታ ከእናቱ የደበቀስ ምን ይባል ይሆን?

በሚኒባስ ስንመለስ አጠገቤ ተቀምጣ እያንጎላጀች አየኋትና አንድ ነገር ወጋኝ። እናቴ ፎቶ የላትም። መታወቂያዋ ላይ ያለችው ሴትዮ ደንግጣ ዓይኗን የጨፈነች ሌላ ሰው ናት።

በኛ አገር ሰው ሲሞት ፎቶው በትልቁ ታጥቦ፣ መስታወት ገብቶለት፣ ለቅሶው መሐል ይያዛል። የክት ልብሱም ወጥቶ አብሮ ይዞራል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ነው ግጥሙን የምታወርደው። አባቴ ሲሞት ፎቶ አልነበረውም። በርኖሱንና ከዘራውን ይዤ ዞርኩ። ያስከፋኝ የሰው ወሬ እንዳይመስላችሁ። አሁን አሁን የአባቴ ፊት እየጠፋብኝ ነው። በርኖሱ ግን እስከ ክሩ ትዝ ይለኛል። እናቴም እንደዚያ እንዳትጠፋብኝ ፈራሁ። ፍርሃቴ ይሄ ነበር፤ ሌላ የለውም።

ስለዚህ ዋሸሁ። የትንሹ ልጄ ሦስተኛ ዓመት ልደት ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ፎቶ ይነሳ አልኩ። ባለቤቴ ስንዱ ትክ ብላ አየችኝ። ባለፉት ሁለት ልደቶች "ልጁ መወለዱን እንኳ አያውቅም" ብዬ ኬክ የከለከልኩ ሰው ነኝና አይፈረድባትም። ግን የደረሰላትን ዕድል የምታባክን ሴት አይደለችም። ወዲያው ስልኳን አውጥታ የሠለጠነ ቤተሰብ እንዴት ፎቶ እንደሚነሳ አሳየችኝ። ለካ የሠለጠነ ቤተሰብ ከአባት እስከ ጡት ልጅ አንድ ከለር ነው የሚለብሰው። እኔ የታየኝ ዩኒፎርም የለበሰ ክፍል ነው፤ ስም ልጠራ ምንም አልቀረኝ። የኛ ከለር ውሃ ሰማያዊ እንዲሆን ተወሰነ። ማን ወሰነ? ይሄ አይጠየቅም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። አስራ አራት ዓመት የሞላት ትልቋ ልጄ በቀሚስ የተነሳችውን ፎቶ ጓደኞቿ ካዩት ትምህርት ቤት እንደማትሄድ አስታወቀች፤ ጅንስ ሱሪ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። መሐለኛው ልጄ ዘጠኝ ቁጥር ያለበትን ማልያውን አላወልቅም አለ። ይባስ ብሎ ቁጥሩ ያለው ከጀርባ ስለሆነ ከጀርባው እንዲነሳ ጠየቀ። ፊትህስ ሲባል፣ ፊቴን ያውቁታል አለ። እንደ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። የልደቱን ባለቤት ትንሹን ግን የጠየቀው የለም። ቢራቢሮ ከረባት ተገዛለትና ሲያኝከው ሰነበተ።

እኔ የሰርጌን ሱፍ አወጣሁ። ሱፉ እንደ ድሮው ነው፤ የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ገበያ መሐል ስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉት ጋሽ ሰይድ ስፌቱን ፈተው ያለውን ጨርቅ ሁሉ ለቀቁልኝና፣ መምህር፣ ከዚህ ወዲያ ጨርቅ የለም፤ የቀረው ከእርስዎ ላይ መቀነስ ነው አሉኝ። ኮቱ ትንፋሼን ከዋጥኩ ይቆለፋል። ለአንድ ፎቶ ደግሞ ትንፋሽ ምን ያደርጋል?

ለእናቴም ስንዱ ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ ገዝታ ልትለካት ቀረበች። እናቴ ጨርቁን ዳስሳ አመሰገነችና ለኔ አታስቢ፣ የምለብሰውን አውቀዋለሁ አለቻት። ከዚያ አገር ቤት ያለችውን ጎረቤቷን በስልክ እንዳገናኛት አዘዘችኝ። ካገናኘኋት በኋላ ደግሞ ወደ ውጭ አስወጣችኝ። ቅዳሜ ገበያ የመጡ የመንደራችን ሰዎች በነጠላ የታሰረ ጥቅልል አመጡላት። እኔ ደስ አለኝ። ከሣጥኗ ያስመጣችው የክት ጥበብ ቀሚሷን መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ልንገራችሁ፣ የፎቶውን ክፈፍ ሳይቀር በልቤ መርጬ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም ውሃ ሰማያዊ ሆነን እናቴን ስንጠብቅ፣ ከጓዳ ብቅ አለች። የለበሰችው ገብስ ሲወቃ የምትለብሰውን ቀሚስ ነው። ቀሚስ ማለቴ ለአክብሮት ነው፤ ድሪቶ ነው። እራፊ ላይ እራፊ ተጥፎበታል፤ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስንዱ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። የክት ልብስዎስ፣ እምዬ ብትላት፣ የክቱማ ለክት ቀን ነው አለቻት። ስንዱ ለመነች፣ ትልቋ ልጄ ሳቀች፣ እኔ ተቆጣሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ከፍታ ወጣች። የባጃጁ ሾፌር ሳይቀር እኚህ እናት ከናንተ ጋር ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀን።

ፎቶ ቤቱ የፏፏቴ ሥዕል ያለበት መጋረጃ አለው። ፎቶ አንሺው ጨዋ ወጣት ነው። የእናቴን ልብስ አየ፣ የኛን አየ፣ ከዚያ በዘዴ ከኋላ ሊያቆማት ሞከረ። እሷ መሐል ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔን ግን አሳምሮ አቆመኝ፤ ከረባቴን አቃና፣ የኮቴን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ትከሻዬ ላይ ያለውን ክር ሳይቀር አነሳ። ተነሳን።

አሁን የኔ ሰዓት ደረሰ። ወደ ፎቶ አንሺው ጠጋ ብዬ፣ እናቴን ለብቻዋ እስከ ደረቷ አንሳልኝ፣ ልብሱን በስካርፍ እንሸፍነዋለን ብዬ አንሾካሾክኩ። የሰባ ዓመት ሴት ጆሮ እንዲህ ይሰማል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

"ልጄ፣ ልደቱ የሕፃኑ ነው" አለች እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ። "እኔ ለብቻየ የምነሳው ምን ሁኜ ነው?"

እኔ የተቃናውን ከረባቴን እንደገና ማቃናት ጀመርኩ።

"ስምንት ቀን ሙሉ፣ የአባትህ ለቅሶ ላይ በርኖሱን ይዘህ ስትዞር የነበረህን ፊት ይዘህልኝ ከረምህ። ብርድ ነው ስትለኝ እሽ አልሁ። ላንተ ብየ ነው እሽ ያልሁት።"

ለካ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ስንዱ ወደኔ ዞረች፤ ለሷም አልነገርኳትም ነበርና ፊቷን ማየት አቃተኝ። ትንሹ እንኳ ከረባቱን ማኘክ ተወ።

"እንግዲህ ለብቻሽ ተነሽ ካልኸኝ እነሳለሁ" አለች እናቴ። "ግን በዚህ ድሪቶ ነው፤ በስካርፍ አልሸፍነውም። ይኸን ፎቶ ለቅሶ ላይ ይዘህ ትዞራለህ? መምህሩ እናቱን በድሪቶ አኑሮ ቀበራት ይሉሃል። አፍረህ አታወጣውም። የምታወጣው ፎቶ እስክታገኝ ድረስ ደግሞ እኔ አልሞትም።"

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሞኙ እኔ መሆኔ ነው። ስንዱ እያለቀሰች ሳቀች። ፎቶ አንሺው ግራ ገብቶት ፈገግ ይበሉ እናቴ ቢላት፣ እኔማ ስቄአለሁ፣ እሱን አስቀው አለችው። እንዲህ ሆና ተነሳች።

ከሁለት ቀን በኋላ ደብረ ታቦር ሄድን። ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር ስለሌለ አብራኝ ሐኪሙ ፊት ተቀመጠች። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ የስብ እብጠት ነው፣ ክፉ ነገር የለበትም፣ ከፈለጉ እናወጣታለን፣ ካልፈለጉም አብረው ይኖራሉ አለ። እናቴ ትኑር እንጂ፣ ምን በልታብኝ አለችው። እኔ ኮሪደሩ ድረስ በደህና ወጣሁ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴ ጀርባዬን እየደባበሰች በቃ፣ በቃ፣ የታመምሁት እኮ እኔ ነኝ ስትል ሰዎች ታማሚው እኔ መስያቸው ወንበር ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩበት።

ንፋስ መውጫ ስንደርስ ፎቶዎቹ ታጥበው ጠበቁን። በቤተሰቡ ፎቶ ላይ ትልቋ ልጄ ከቀሚሷ ሥር ጅንሷ ተንጠልጥሎ ይታያል። መሐለኛው ማልያውን ከሸሚዙ ሥር ለብሶ ኖሮ፣ በመጨረሻዋ ሰኮንድ ሸሚዙን ገልቦ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ዘጠኝ ቁጥር ጉልህ ሆኖ ወጥቷል። ስንዱ የከለሩን መስማማት ስትቆጣጠር ቆይታ በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍናለች። እናቴ መሐል ተቀምጣ በድሪቶዋ ትስቃለች። ሁላችንም ልብሳችንን ስንነሳ፣ መልኳን የተነሳችው እሷ ብቻ ናት። ክፈፍ ገዛሁለት፤ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ፎቶውን አይቶ እኔን በትዝብት ያየኛል፤ ልጆቹን በሰማያዊ አንቆጥቁጦ እናቱን በድሪቶ ይላል በልቡ። ይበል። እናቴ አለችልኝ።

ፎቶውን በተቀበልንበት ዕለት ግን እዚያው ፎቶ ቤቱ በር ላይ፣ እንግዲህ ሐሳቡ ስለቀለለን በጥበብ ቀሚስሽ እንደገና ተነሽ ብዬ ለመንኳት። የቤተሰቡን ፎቶ ወደ ብርሃኑ አድርጋ እኔ የቆምኩበትን ቦታ ስትመረምር ቆየች፦ ሱፉን፣ ከረባቱን፣ እስከ መጨረሻው የተቆለፈውን ኮት፣ ትንፋሹን የዋጠውን ፊት።

"የኔስ ለምንም አይሆንም" አለች በመጨረሻ። "ያንተ ግን ግሩም ሁኖ ወጥቷል። ብቻህን ቆርጠው ቢያሳድጉት ለለቅሶ ይሆናል። ስንዱ ታስቀምጠው።"

ከዚያ ወዲህ ፎቶ ስነሳ አንድ ቁልፍ አዛንፌ ነው የምቆልፈው።