የሊቀ ሚዛን ከፋለ ክንድ

ጭነት ሲጫን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ወንድ በዚህ አገር ገና አልተወለደም። አህያም ይሁን የጭነት መኪና፣ ሌላው ወገቡ እስኪቆረጥ ሲሸከም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዳር የሚቆም፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ «ወደ ግራ ያዘነብላል» የሚል አንድ ሰው የግድ አለ። ለመቀሌ የደረሷት ክቡር ሊቀ ሚዛን ከፋለ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ መንግሥት የሚያውቃቸው ከሸዋ ተዛውረው የመጡ ጸሐፊ መሆናቸውን ብቻ ነው።

የእሳቸው ግን በመጽሐፍ የተደገፈ ነው። ጣልያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ፣ አዲስ አበባ ላይ የአብራሪነት ፈቃድ በፈተና ይሰጣል የሚል ወሬ ሰሙና ከአንድ እንግሊዝ መኮንን ስለ ሄሊኮፕተር የተጻፈ መጽሐፍ አገኙ። ሄሊኮፕተር ክንፏን አናቷ ላይ የምታሽከረክር አውሮፕላን ናት አሉን። እንኳን መቀሌ፣ አዲስ አበባም ገና በዓይኗ አላየቻትም። ከላይ እንደተንጠለጠለ ቅርጫት ስለሆነች ጭነቷ ትንሽ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ካጋደለ ጉድ ይፈላል። ፈተናውም ዋናው እሱ ነው። ከመነሻው ምልክት አንሥቶ ዕቃው እስካለበት ያለውን ርቀት መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «አርም» ይለዋል፣ የእሳቸው መዝገበ ቃላት ደግሞ «ክንድ»፤ የእያንዳንዱን ክብደት በክንዱ ማባዛት፣ መደመር፣ ለጠቅላላው ክብደት ማካፈል፤ ሚዛኑ የሚያርፍበት ቦታ ይወጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ክብደት በክንድ» ሰላምታቸው ሆነ። ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኲሓ በምትሄደው መኪና ወይዘሮ ሸዋወርቅን ከኋላ አስነሥተው ከሾፌሩ ጎን አስቀመጧቸው፤ ወይዘሮዋም በሕዝብ ፊት ክብደታቸው ስለተሰላ እስከ ዛሬ አኩርፈዋቸዋል። አንድ ቀብር ላይ ቃሬዛውን አስቁመው ጉልበተኞቹን ወደ ራስጌ አዞሩ፤ ሟቹ የተማሩ ስለነበሩ ጭንቅላታቸው ይከብዳል ብለው። የጨው ግመሎች ሲገቡ የሞከሩት ብቻ አልተሳካም። ባለግመሉ ረጋ ብሎ፣ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ግመሉ መጽሐፍ አላነበበም፤ ተወው» ብሏቸው አለፈ።

ደግሞ የተፈጥሮ ነገር ሆኖ ክንዳቸው ረጅም ነው። ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ገበያ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነጠላ የሚገዛ፣ ቀሚስ የሚያሰፋ ሁሉ እሳቸውን ይዞ ይሄዳል። የወሎው ጨርቅ ነጋዴ አብዱልጀሊል ከሩቅ ሲያያቸው ጣቃውን ይጠቀልላል። «ወላሂ፣ ይሄ ክንድ አይደለም፣ ገመድ ነው» እያለ በየገበያው ይማረራል።

ፈተናው ደረሰና አዲስ አበባ ወረዱ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ የአብራሪው ክንድ ይህን ያህል፣ የነዳጁ ይህን ያህል፣ የተሳፋሪው ደግሞ ሰማንያ ነው ይላል። ሊቀ ሚዛን ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አሰቡ። ሰማንያ ክንድ! ከአብዱልጀሊል ሱቅ ተነሥቶ ገበያውን ያቋርጣል። ከዚያ በጥሩ የጽሕፈት ቤት እጅ እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ተሳፋሪው ሜዳው ዳር ቆሟል። መጀመሪያ ይሳፈር።»

ወደቁ። ፈታኙ አስጠርቶ ክንድ የተባለው ርቀት ነው፣ የሚለካውም በኢንች ነው ብሎ ሲያስረዳቸው፣ ኢንች የማን ጣት እንደሆነ ጠየቁት። አንድ ዕድል ብቻ ቀርቷቸው፣ ሁለተኛ ከወደቁ ሦስተኛ እንደሌለ ተነግሯቸው ተመለሱ።

በዚህ የከተማው ሰው ለወራት ሳቀ፤ እኔም ከሳቂዎቹ ፊት ነበርኩ። እሳቸው ግን ሰላምታቸውን ተዉ። መኪና ተጭኖ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ቤታቸው ሄጄ ለምን ይሄን ያህል እንደሚያሳስባቸው ብጠይቅ፣ «ዕድሜዬን በሙሉ የሌላ ሰው ጭነት ሳይ ኖርኩ» አሉኝ። «አንድ ቀን እኔው ራሴ ከመሬት ልነሣ ብዬ ነው።» ያን ቀን መሳቅ አልቻልኩም።

ለሁለተኛው ፈተና የሄዱት በጭነት መኪና ነው። ልንሸኛቸው ወጣን። ጆንያው ተከመረ፣ ሣጥኑ ተደረበ፣ የእሳቸው መቀመጫ ከላይ ሆነ። ሁላችንም ቃላቸውን ጠበቅን፤ እሳቸው ግን ጭነቱን ሳያዩ ወጥተው ተቀመጡ። ያኔ አንድ ሰው «ቁም! ወደ ግራ ያዘነብላል» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው ጩኸቱ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት። ሾፌሩ እየረገመን ጆንያዎቹን አዛወርን፤ አብዱልጀሊልም ነጠላውን አሸርጦ ተሸከመ።

ፈተናውን አለፉ። ሄሊኮፕተሯ አገር እስክትገባ ድረስ ስሌቱን ለሌሎች ያስተምሩ ተብለው እዚያው ቀሩ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከፋኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ለጋቢ ጥለት ልገዛ አብዱልጀሊል ዘንድ ገባሁ። ያ ሁሉ ምሬት ስለቀረለት ፊቱ የሚፈካ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጨርቁን በራሱ ክንድ አልለካውም። መደርደሪያው ጠርዝ ላይ በቢላዋ የተጫረ ምልክት አለ፤ ከዳር እስከዚያ እየዘረጋ ለካልኝ። የምን ምልክት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ጨርቁን እያጠፈ፣ «የጋሽ ከፋለ ነው። ከመሄዳቸው በፊት አስለክቻቸው ነው» አለኝ። «ሌላ ክንድ አልዋጥልህ አለኝ።»

ዞር ሲልልኝ ክርኔን ከመደርደሪያው ዳር አሳርፌ ጣቴን ወደ ምልክቱ ዘረጋሁ። አልደረሰም።