ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ፔፕታይድ

ዓለት ተፈልፍሎ ቤተ መቅደስ በሆነበት በላስታ ምድር ዱቄት ቢጾም እምብዛም አያስገርምም። ይህን የምጽፈው የምርምር ተቋማችን የደረሰበትን ታላቅ ግኝት ለትውልድ ለማቆየት ነው። ስሜ ደግሰው ነው፤ የተቋሙ ዘበኛ ነኝ። የቤተ ሙከራ ረዳትነት ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስቱንም ጊዜ "ከስድስተኛ ክፍል በላይ ማስረጃ አያይዝ" ተብያለሁ። ቂም ግን አልይዝም፤ ቀኑን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ኃላፊያችን ዶክተር ሰይፈ ሥላሴ በቴራኸርትዝ ማሽን ፔፕታይድ ይመረምራሉ። ፔፕታይድ የፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ ዱቄቱ እንደ ክኒን ይጠፈጠፋል። ዓይን የማያየው ጨረር ያልፍበትና ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ውስጡ እንዴት እንደሚርገበገብ በኮምፒዩተር ላይ በመስመር ይታያል። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይወራጫል። ይህንንስ የጎረቤታችን የብልባላ ገበሬ በሬም ያደርገዋል።

ግኝቱ ሌላ ነው። ሙቀቱን ማንም ሳይነካው መስመሩ በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት ይዘል ጀመር። ረቡዕና ዓርብ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጸጥ።

"ወለተ ሩፋኤል፣ ጻፊ" አሏት ዶክተሩ ጸሐፊያችንን። "ፔፕታይዱ ይጾማል።"

"ነነዌንስ ይጾም ይሆን ዶክተር?"

"እሱን በሚቀጥለው በጀት እናጠናዋለን።"

ግኝቱን የሚያጸድቅ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ለኮሚቴውም ንዑስ ኮሚቴ። የዶክተሩ የፕሮፌሰርነት ማዕረግም በዚሁ ጥናት ላይ ተንጠለጠለ።

እኔ ምክንያቱን ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ። የጥበቃ ክፍሌና ቤተ ሙከራው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ግድግዳው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። ሽሮዬን የምጥደው በስድስት ሰዓት ነው፤ በጾም ቀን በዘጠኝ። ማሽኑን የተከለው ሰው "የውሃ እንፋሎት ይህን ጨረር ይውጠዋል፣ አታስጠጉት" ሲል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ የምረቃውን ለስላሳ እየጠጡ ነበር።

ለዶክተር ሰይፈ ሥላሴ ልነግራቸው ሄጄ ነበር።

"ደግሰው፣ አንተ በርህን ጠብቅ" አሉኝ። ጠበቅሁ። መስከረም ሃያ ሁለት ቀን ነበር።

ገምጋሚዋ ዶክተር ሐምዲያ የመጡት ዓርብ ዕለት ነው። ሁሉም ማሽኑን ከቦ ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቀ። እኔም በዚያ ቀን ጾሜን እስከ ማታ ላራዝም ወሰንሁ። ለነፍሴ ብዬ ነው።

ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ተኩል። መስመሩ እንደ ተኛ ቀረ።

"ዛሬ ምን ነካው?" አሉ ዶክተር ሐምዲያ።

"አክፍሎት ይዞ ይሆናል" አሉ ዶክተር ሰይፈ ሥላሴ፣ ፋሲካ በሌለበት በኅዳር ወር፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

"እንግዲያውስ እስከ መግሪብ እንጠብቀው?"

ያኔ ሆዴ ጮኸ። ነፍሴ ብትችልም ሆዴ አልቻለም። ገባሁና "ጌቶቼ፣ የሚጾመው እኔ ነኝ" አልሁ። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ከሰሌን አቀጣጥዬ ድስቴን ጣድሁ፤ ሲንተከተክ እንፋሎቱ በቀዳዳው ገባ፣ መስመሩም ዘለለ።

ዶክተር ሐምዲያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "አባቴ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ማሽኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት" አሉኝ።

ኮሚቴው እዚያው ተሰየመ። "እንፋሎት በቴራኸርትዝ ጨረር ላይ ያለው ተጽዕኖ" የተባለ አዲስ ጥናት በዶክተር ሰይፈ ሥላሴ መሪነት ጸደቀ። ጥናቱ ረዳት ያሻዋል ተባለ። ኮፍያዬን አውልቄ ወደ ፊት ቀረብሁ።

ወለተ ሩፋኤል ቃለ ጉባኤውን አነበበች፦ "ድስቷ የንብረት ቁጥር ተለጥፎባት፣ በረዳትነት ወደ ቤተ ሙከራው እንድትዛወር ተወስኗል።"

አሁን ድስቴ አንደኛ ክፍል እንኳ ሳትማር ከውስጥ ተቀምጣለች። እኔ ከደጅ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ እጠብቃታለሁ። ቂም አልያዝሁም። ኅዳር አምስት ቀን ነበር።