ጋሼ ይፈታ እና ሦስተኛው ፔዳል

በየቤተሰቡ፣ የሚሠራ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው አለ። የተበላሸ ነገር መጠገን የማንም ወግ ነው። ይህን ሰው እንቅልፍ የሚነሣው ግን ያልተበላሸው ነው። ሰዓቱ በትክክል ከቆጠረ፣ በሩ ሳይጮህ ከተዘጋ፣ የልብስ ማጠቢያው በሰላም ከዞረ ይጠረጥራል። ዕቃው የሆነ ነገር የደበቀው ይመስለዋል። ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ይሰድና ካቻቢቴውን ያወጣል።

ለእኛ ቤት የደረሱን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሙያቸው ሊፍት መጠገን ነው። ሙሉ ማዕረጋቸው ደግሞ ክቡር ዋና መሐንዲስ ጋሼ ይፈታ ነው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ስሙን ግን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ ስንላቸው «ይፈታ!» የማቀዝቀዣው ድምፅ ጨመረ ስንላቸው «ይፈታ!» አንድ ቀን እኔና ባለቤቴ በማይረባ ነገር ተኮራርፈን ምሳ ቀርበናል። ጋሼ ይፈታ ግራ ቀኝ ተመለከቱን፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ባለቤቴ ቀደመቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው አይፈታም!»

እኔ በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የጎደለች ነጠላ ሰረዝ ከሩቅ ትታየኛለች። የመኪና ኮፈን ሲከፈት ግን የሚታየኝ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምተርከውን ነገር ግማሹን ያኔም አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም።

መኪናችን ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት አውቶማቲክ ናት። ጠዋት ስትነሣ ትንሽ ታጨሳለች፣ ሲሞቃት ትተዋለች። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ይፈታ ሊጠይቁን መጥተው በር ላይ ስንሰነባበት፣ ወሬ ለማሳመር ያህል «ይቺም እንግዲህ አርጅታ ዘይት መብላት ጀምራለች» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ጋሼ ይፈታ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝና መኪናው ሥር ገቡ። ለግማሽ ሰዓት የታዩኝ ጫማቸው ብቻ ነበር። ሲወጡ ፊታቸው የሐኪም ፊት ሆኗል።

«ሞተሩ አልቆለታል። ካምቢዮውም ይንሸራተታል። ይፈታ!»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይታሰራል።»

በ«ይፈታ» እና በ«ይታሰራል» መካከል አሥራ አንድ ሳምንት እንዳለ አልነገሩኝም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሞተር ተጭኖ መጣ። ከኋላ ከተገጨ የዕቃ ማመላለሻ መኪና የወጣ፣ ጤነኛ ሞተር ነው አሉ። ከኋላው ሌላ ብረት እንደ ጅራት ተያይዟል። ካምቢዮው ነው፤ በእጅ ማርሽ የሚገባለት ማኑዋል።

«ጋሼ፣ የእኛ መኪና እኮ አውቶማቲክ ናት።»

«ነበረች» አሉኝ።

ግቢያችን ከዚያ በኋላ ግቢ መሆኑ ቀረ። ሊፍት የሚያነሡበትን ሰንሰለት አምጥተው ከመኪና ማቆሚያው ብረት ላይ ሰቀሉት። አሮጌው ሞተር ተንጠልጥሎ ወጣና ሦስት ቀን አየር ላይ ዋለ፤ ጠዋት በሥሩ ጎንበስ ብዬ ነበር ወደ አውቶቡሱ የምሮጠው። አንድ ቀን «ቮላኖውን አቀብለኝ» ሲሉኝ መሪውን ነቅዬ ልስጥ ስታገል አገኙኝ። ለካ ቮላኖ ማለት ከሞተሩ ጀርባ የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት ኖሯል። ሌላ ቀን ከሥራ ስመለስ የመኪናው ወለል ላይ ጭንቅላት የሚያህል ቀዳዳ ተበስቶ መሬቱ ይታያል።

«ጋሼ፣ ወለሉ ተቀደደ!»

«ቀዳዳ አይደለም፤ የማርሽ ዱላ መውጫ ነው። ደግሞ አትጩህ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

በስድስተኛው ሳምንት እሑድ፣ ምሳ ላይ፣ ፍሪሲዮን ማለት ምን እንደሆነ ሊያስረዱኝ ወሰኑ። ሁለት ሳህን አንሥተው ፊት ለፊት ያዙ።

«ይሄ ሞተሩ ነው፣ ይሄ ካምቢዮው። ሲነካኩ አብረው ይዞራሉ። ፔዳሉን ስትረግጥ ይለያያሉ።»

«አብረው መዞር ከቻሉ ለምን ይለያያሉ?»

ጋሼ ይፈታ እህታቸውን በሐዘኔታ አዩዋት፤ ይህንን ነው ያገባሽው እንደማለት። ከዚያ ሳህኖቹን ጠቅ አድርገው አጋጩና እንደገና ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ አንዲት እጅ ተዘርግታ አንደኛውን ሳህን ያዘች።

እጇ የአማቴ ነበረች። የጋሼ ይፈታና የባለቤቴ እናት ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በትንሽ የጭነት መኪና ዳቦ ሲያከፋፍሉ የኖሩ ሾፌር ነበሩ። ዓይናቸው ሲጋረድ መንዳት አቆሙ። ባለፈው ዓመት በቀዶ ሕክምና ዓይናቸው በራና እኛ ዘንድ መጥተው መኖር ጀመሩ። ዓይናቸው ይብራ እንጂ እሳቸው አልበሩም። ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ሥር ይቀመጣሉ፤ ምግብ ይነካካሉ፤ ስንጠይቃቸው «እህ» ይላሉ። አንዴ ደስ ይላቸው ብለን መኪናችንን እንዲነዱ አደረግን። ግራ እግራቸው የለመደውን ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን ረገጠውና ሁላችንም ግንባራችንን ተመታን። አማቴ ወርደው ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ይሄ መኪና አይደለም፣ ሶፋ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና አንስተው አያውቁም።

አሁን ግን ሳህኑን ይዘው ወደ ሌላኛው ቀስ አድርገው አስጠጉት።

«ቀስ እያሉ ነው የሚገናኙት። እንደ አንተ በጥፊ ካገናኟቸው መኪናው ይዘላል፣ ዳቦውም ይደፋል» አሉ ልጃቸውን።

በወራት ውስጥ ከአፋቸው የወጣ ረጅሙ ንግግር ነበር። ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጋሼ ይፈታ አቀርቅረው መብላት ቀጠሉ። እኔ ደግሞ ዳቦው ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶኝ ተቀመጥኩ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሁሉም ነገር ገባ። ሦስተኛው ፔዳል ተተከለ፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ሻፍቱ፣ ተለክቶ ተቆረጠ፣ የማርሽ ዱላው ብቅ አለ። ጋሼ ይፈታ ቁልፉን ጠመዘዙት። ጸጥ። እንደገና ጠመዘዙት። ጸጥ። ሁለት ቀን ሙሉ ጸጥ። በመጨረሻ ምክንያቱን አገኙት፤ ለእኔም አስረዱኝ። መኪናዋ ድሮ ማርሿ ፓርክ ላይ መሆኑን ካላረጋገጠች አትነሣም ነበር። አሁን ፓርክ የሚባል ነገር የላትም፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም፣ እየጠበቀች ነው።

«ታዲያ ማን ይነግራታል?» አልኩ።

ሁለት ሽቦ አገናኙና ነገሯት። ሞተሩ ተነሣ። ጭስ የለ፣ መንተክተክ የለ። ባለቤቴ አጨበጨበች፤ እኔ ባይገባኝም እልል ልል ትንሽ ቀረኝ። ጋሼ ይፈታ ወርደው በሩን በክብር ያዙልኝ።

«በል፣ ንዳት።»

«እኔ? እኔ ማኑዋል መች እችላለሁ? እርስዎ ይንዱት እንጂ!»

እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ጠርገው ጠርገው ጨርቁን ጨረሱት።

«ጋሼ» አለች ባለቤቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል?»

«እኔ የሊፍት ሰው ነኝ» አሉ ጋሼ ይፈታ። «ሊፍት መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም።»

ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው ይህን ለመጠየቅ አላሰበም። ባለቤቴም እንደ እኔ የምታውቀው አውቶማቲክ ብቻ ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች እየሠራ ያለ መኪና ከበን ቆምን።

የቤቱ በር ተከፈተ። አማቴ ማሰሪያ ያለው ጫማ አድርገው ወጡ።

«ዞር በሉ» አሉ።

ገብተው ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡ፣ መስታወቱን አስተካከሉ፣ ሦስተኛውን ፔዳል ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

«ፍሪሲዮኑ ከላይ ነው የሚይዘው» አሉ።

«ላስተካክለው፣ እማዬ?»

«ተወው፣ ይስማማኛል።»

ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገብተው፣ እኔ አራት ጊዜ ወጣ ገባ ብዬ በማልፈው በር፣ በአንድ ጊዜ ሹልክ ብለው ወጡ። አርባ ደቂቃ ጠፉ። ባለቤቴ ከበሩ እስከ መንገዱ ስትመላለስ፣ እኔና ጋሼ ይፈታ በአሮጌው ሞተር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የድሮው ካምቢዮ አይጠገንም ነበር?»

«ይጠገን ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን?»

ጥፍራቸው ሥር የገባውን ጥቁር ዘይት በካቻቢቴ ጫፍ መፋቅ ጀመሩ።

«እማዬ መስኮት ሥር ስትቀመጥ እግሯን አይተኸው ታውቃለህ? ግራው ወለሉን ይረግጣል፣ ይለቃል። ይረግጣል፣ ይለቃል። ስመጣ ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ብነግራችሁ እሷም ትሰማለች። ለእኔ ብላችሁ ነው ትልና አትነካትም። አሁን ግን» አሉ፣ «የሚነዳላችሁ ሰው ስለሌለ ነው።»

መንጃ ፈቃድ አለማውጣታቸው የዕቅዱ አካል ይሁን አይሁን ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። መልሱን ፈርቼ ተውኩት።

አሁን እሑድ እሑድ ጠዋት አማቴ እኔንና ጋሼ ይፈታን መንዳት ያስተምሩናል። ክፉ አስተማሪ ናቸው። ተራ የሚሰጡት በዕድሜ ስለሆነ ጋሼ ይፈታ መሪውን ይይዛሉ፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ባለፈው እሑድ መስቀለኛው መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፋባቸው። ከኋላችን ጥሩምባው ቀለጠ። ቁልፉን ቢጠመዝዙት ምንም የለም።

«ሽቦዬ ወልቋል» አሉ፣ በላብ ተጠምቀው። «ማንም ኮፈን እንዳይነካ! እኔ ወርጄ...»

«አንተ የትም አትወርድም» አሉ አማቴ። «ማርሽ ሁለተኛ አድርግና ፍሪሲዮን ያዝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ውረድና ግፋ።»

ወርጄ ገፋሁ። መንገዱ ትንሽ ቁልቁል ስለነበር መንቀሳቀስ ጀመረች። በኋላው መስታወት በኩል ጋሼ ይፈታ ይታዩኛል፤ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ማርሹን በያዘው እጃቸው ላይ የእናታቸው እጅ ተደርቧል። «ልቀቀው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። መኪናዋ አንዴ ዘለለች፣ አንዴ አስነጠሰች፣ ተነሣችና ጥላኝ ሄደች። አይቆሙም። ጋሼ ይፈታ መቆም ገና አልተማሩም።

የእሑድ ጫማዬን እንዳደረግሁ በመንገዱ መሐል እሮጣለሁ፤ አሥራ አንድ ሳምንት በአውቶቡስ ያንከራተቱኝን ሰውዬ «በርታ ጋሼ! በርታ!» እያልኩ እጮሃለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ እንዳልኳቸው የገባኝ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ነው።