ፋይል በአያት ስም

ጎርፍና አይጥ ያልጨረሱትን ፋይል ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ሰው ይጨርሰዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለው ቢሮ የለም። ትናንት ደህና ሰው ነበር። ሦስት ቀን አዳራሽ ተቀምጦ፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ተሰጥቶት ሲመለስ ግን የነበረውን ሁሉ ሳያፈርስ እንቅልፍ አይወስደውም።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ታደለች ናቸው፤ የመዝገብ ቤታችን የበላይ ጠባቂ። ሲ.ኤም.ሲ ሄደው «የሰነድ አያያዝ ለውጤታማ ቢሮ» የሚባል ሥልጠና ወስደው መጡ። አሠልጣኙ ከውጭ የመጣ ወረቀት እያነበበ «ፋይል የሚደረደረው በመጨረሻው ስም ነው» ብሏቸዋል። የእኛ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአያት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአራት መቶ ሠራተኛ ማህደር በአያት ስም ተደረደረ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ብትነግራቸው አይሰሙህም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የማን ልጅ ልጅ ነው?» ይሉሃል። አሥር ዓመት አብሮህ የሠራ ሰው አያቱ ማን እንደሆነ ከየት ታውቃለህ? የሰው ሀብት ክፍሏ ፌበን ፈቃድ ላይ ያለውን የባልደረባችንን የሞቲን ማህደር ፈልጋ፣ ስልኩ ዝግ ሲሆንባት አባቱ ጋ ደወለች። ሰውዬው ላምበረት አውቶቡስ ሊሳፈሩ ነበር። «የአባትዎ ስም ማን ነው?» ስትላቸው፣ ለጋብቻ ዘር የምትቆጥር መስሏቸው «እሰይ ልጄ፣ ሽማግሌ መቼ እንላክ?» ብለው ጉዟቸውን ሰረዙ። ምስኪኗ ፌበን ያገባች የሁለት ልጆች እናት ናት።

የእኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት የደረጃ ዕድገት ወጥቶ፣ ምዝገባው አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ያለው ማህደሬ ውስጥ ብቻ ነው። ሰኞ ሄድኩ፤ «ሰው ሲቀንስ ና» አሉኝ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም «ሰው ሲቀንስ ና»። ጨጓራዬን ላጡት።

እኔ ደግሞ የማውቀው አያት የለኝም። እንጦጦ ራጉኤል አጠገብ ያሳደጉኝ ሰዎች ከአባቴ ስም በላይ አያውቁም። በየቅጹ የአያት ስም በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። ለሰረዝ ሼልፍ የላቸውም፤ ጥለውታል ብዬ ደመደምኩ።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ። ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። «ስድስት ዓመቴን የት ጣሉት? ሥልጠናዎ ገደል ይግባ» ብዬ ጮህኩባቸው። እናቴን በሚያህሉ ሰው ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም።

በሩን ዘግተው ከ«ገ» ሼልፍ ማህደሬን አወጡ። ሽፋኑ ላይ በእጃቸው የተጻፈ «ገላና» የሚል ስም ተለጥፏል። ገላና የራሳቸው አያት ናቸው። ታደለች ጉደታ ገላና መባላቸውን ቢሮው በሙሉ ያውቃል።

«ሰረዝ ላይ ልተውህ እጄ እምቢ አለኝ፣ ፀሐዬ» አሉ። «ሳላስፈቅድህ ነው የለጠፍኩት። ያ ሁሉ ሰው እያየ አውጥቼ ላሳፍርህ? ካልፈለግከው አሁኑኑ አነሳዋለሁ።»

ጥፍራቸውን የወረቀቱ ጠርዝ ላይ አድርገው ጠበቁኝ። እኔ ማህደሩን ነጥቄ ወጣሁ።

ኮፒ አድርጌ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተመዝግቤ ተመለስኩ። ንዴቴ አልበረደም፤ ያን አሠልጣኝ ዛሬም ባገኘው አልምረውም። ማህደሩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«በሉ ቦታው ይመልሱት።»

«የቱ ቦታ?»

«የነበረበት ነዋ» አልኳቸው፣ ድምፄን እንዳከረርኩ። «ደግሞ እንዳይጠፋብኝ፣ ከራስዎ ማህደር ጎን ያድርጉት።»