ለቅዳሜ የማትደርሰው መኪና

ሐበሻ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ መኪና መፍታት እንጂ መግጠም የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ኮፈኑ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። "መካኒክ ጋ ውሰደው" ያላችሁት ቀን እናቱን የሰደባችሁበት ያህል ይቀየማችኋል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ካልጋሪ፣ ታራዴል ሰፈር ውስጥ፣ ይህ ሹመት የክቡር ጋሼ መንገሻ ነበር። ተፎካካሪ አልነበራቸውም። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታቸው ስለነበርኩ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

የሳቸው ደግሞ ተራ መኪና አልነበረችም። በ1964 እንግሊዝ አገር የተሠራች ቀይ ኤም ጂ ናት፤ ወንበሯ ሁለት ብቻ፣ መሬት ልትልስ ምንም ያልቀራት፣ ጣራዋ ሸራ። በረዶ ግማሹን ዓመት በሚተኛበት አገር የሸራ ጣራ! ከአንድ ገበሬ መጋዘን፣ ዶሮ ሲያድርባት ከኖረችበት፣ በ1992 አስጎትተው አመጧት። ያን ጊዜ ከሰፈራችን ወዲያ ያለው ሜዳ ብቻ ነበር፤ ስትመጣ ከሩቅ ነው ያየናት።

"ትንሽ ነገር ናት የጎደላት" አሉ ጋሼ መንገሻ፣ ኮፈኗን መታ መታ እያደረጉ። "ቅዳሜ ታልቃለች።"

የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልነገሩንም። እኛም ሞኞቹ አልጠየቅንም።

በመጀመሪያው ዊንተር እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈቷት። የሷ ዳዶ በኢንች ነው፤ የጋሼ መንገሻ መፍቻዎች በሚሊሜትር። ሌላ ሰው ቢሆን ሱቅ ሄዶ ልኩን ይገዛል። እሳቸው መፍቻውን በሞረድ ይሞርዱ ጀመር። የፈቱትን ዕቃ በየጣሳው ከተው ወረቀት ይለጥፉበታል። "የግራ ትንሿ።" "የቀኝ፣ ምናልባት።" "ይቺ ከየት እንደ መጣች እግዜር ይወቅ።" አንዱ ጣሳ ላይ "ቆንጅት፣ እንዳትነኪ" ይላል። ከፍቼ ባየው የባለቤታቸው የእትዬ ቆንጅት የስፌት መርፌዎች ናቸው! የካርቡራተሩን ቀዳዳ ሊጠርጉባቸው ወስደዋቸው ነው። ካርቡራተሩን ራሱን ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተው ያጠቡት ጊዜማ፣ እነሱ ቤት ሻይ የጠጣ ሰው ሁሉ ለሳምንት ቤንዚን ቤንዚን ሲለው ከረመ።

በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ ተነሥተው "ለፍሪሲዮኗ ጸልዩልኝ" አሉ። ተጸለየ። በሦስተኛው ወር "ምስክርነት አለኝ" ብለው ተነሡ። ፍሪሲዮኑ ሠርቷል፤ አሁን ያስቸገረው ማርሹ ነውና ጉባኤው እንዳይደክም አሳሰቡ።

እዚህ ላይ ግን ሳቁን አቁሙት።

ጋራዡ የሚይዘው አንድ መኪና ነው። እትዬ ቆንጅት አየር ማረፊያ አውሮፕላን ያጸዳሉ፤ ሺፍታቸው ሳይነጋ ይገባል። የሳቸው መኪና ደጅ ነው የሚያድረው። ከዜሮ በታች ሠላሳ በሆነ ጠዋት፣ መስታወቱ ላይ የተጋገረውን በረዶ ሲፍቁ ድምፁ ግድግዳዬን አልፎ ይቀሰቅሰኛል። እንግሊዛዊቷ ግን ውስጥ ናት፤ ሂተር ተለኩሶላት፣ ብርድ ልብስ ደርባ። የማን ብርድ ልብስ? የቆንጅት!

እኔ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ "ጋሼ፣ ሚስቱን ለውርጭ ሰጥቶ ብረት የሚያለብስ ክርስቲያን የት አይተዋል?" አልኳቸው። እሳቸው የሻዩን ብርጭቆ በእርጋታ አስቀመጡ።

"ደርበው፣ አንተ ሲፈጥርህ ችኩል ነህ" አሉኝ። "ቅዳሜ ታልቃለች።"

በ1996 ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የእትዬ ቆንጅት ትዕግሥት አብሮ ረገፈ።

"አራት ዊንተር ጠበቅሁህ፣ መንገሻ" አሉ፣ እኔ ባለሁበት። "አምስተኛውን አልፍቅም። በረዶ ሳይጥል በራሷ ሞተር ካልወጣች ትሸጣለች።"

ጋሼ መንገሻ በራሷ ሞተር ሊያስወጧት ስድስት ቅዳሜ ታገሉ፤ ትነሣለች፣ ትጠፋለች። በሰባተኛው ሳምንት ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሰጠሁትም የራሴን ስልክ ነው። ፍርድ መሆኑ ነው።

ገዢው መጣ፤ ባርኔጣ የደፋ ረጋ ያለ ፈረንጅ ሽማግሌ። ጋሼ መንገሻ ይጣላሉ ብዬ ስጠብቅ አልተጣሉም። መኪናዋን አጥበዋት ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ለሰውየው፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ ጠባይዋን ይነግሩት ጀመር፤ ሲበርዳት ይቺን ሳብ፣ ቤንዚን አትደጋግምባት፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታኮርፋለች፣ አትቆጣት፣ ትንሽ ጠብቃት። ልጃቸውን የሚድሩ ነው የሚመስሉት። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ነፋስ ነበር።

"ሞተሯን ልስማት" አለ ገዢው።

ባትሪዋ ሞቷል። የኔን መኪና አስጠጋሁና ኬብሉን አወጣሁ። ካልጋሪ የኖረ ሰው ይህን ተኝቶም ይሠራዋል፤ ቀዩን ከፕላሱ፣ ጥቁሩን በመጨረሻ ከሞተሩ ብረት። የዚያች መኪና ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ባትሪዋ ከቦዲዋ ጋር የታሰረው በፕላሱ ነው፤ ያን ዘመን እንግሊዞች እንደዚያ ይሠሩ ነበር። ጥቁሩን ብረቷ ላይ ሳስነክሰው ብልጭ አለ፣ ኬብሉ ተንጣጣ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይንጠባጠብ ጀመር።

"አንሣው! አንሣው አንተ!" ጋሼ መንገሻ ከወንበሩ ዘለሉ።

በጓንቴ መንጭቄ አነሣሁት። ጭሱ ሲገለጥ ገዢው መንገዱ ጋ ደርሷል። ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠንና ሄደ። ከሷ አንድ ሽቦ እንኳ አልተነካም። የተቃጠለው የኔ ኬብልና የኔ ባትሪ ነው።

እትዬ ቆንጅት እጃቸውን አጣምረው እኔን ያያሉ።

"ደርበው።"

"አቤት፣ እትዬ።"

"አራት ዓመት ሙሉ፣ 'የዚች ቦዲዋ ፕላስ ነው፣ የዚች ቦዲዋ ፕላስ ነው' እያለ መንገሻ ሲያደነቁረን አንተ እዚህ አልነበርክም?"

"ረስቼው ነው።"

"አንተ? የሰው ጥፋት ከነቀኑ የምትቆጥረው?"

እጄ ረሳ ወይስ አስታወሰ፣ እግዜር ነው የሚያውቀው።

"ይሁን። እኔ ግን ዘንድሮ ደጅ አልፍቅም" አሉ። "እሷስ የት ትደር?"

ጋሼ መንገሻ አቀርቅረው የቀለጠውን ፕላስቲክ ከቀለሟ ላይ በጥፍራቸው ይልጣሉ።

"እኔ ጋ!" አልኩ፣ ተቆጥቼ። "እኔ ጋ ትደር! ምን ታዩኛላችሁ? ግፉ እንጂ!"

ሦስታችን ወደ እኔ ጋራዥ ገፋናት። የእትዬ ቆንጅት መኪና በማግስቱ ጋራዟ ገባች፤ የኔዋ ደጅ ወጣች። ጋሼ መንገሻ በየቅዳሜው ጣሳቸውን ታቅፈው ቤቴ ይመጣሉ፤ እኔ ፍሬን እረግጣለሁ፣ እሳቸው ከሥር ሆነው ይጮኻሉ። "ርገጥ! ልቀቅ! ርገጥ አልኩህ፣ አትቸኩል!" የዛሬን መኪና ኮፈን ብትከፍቱ የምታዩት ፕላስቲክ ክዳን ነው፤ ጎረቤትም "ርገጥልኝ" ብሎ የሚጠራችሁ የለም።

ሜይ ላይ ሞተሯ ተነሣ፤ አልጠፋም። ወንበሩ ሁለት ነው፤ እትዬ ቆንጅት ሻሻቸውን አጥብቀው ገቡ። ጋሼ መንገሻ ክራቫት አስረዋል። "አንድ ዙር ብቻ" አሉኝና ሄዱ። ድምፁ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። አርባ አለፈ። ማንም ሳይደውልልኝ ገመድ መኪናዬ ውስጥ ወርውሬ፣ እየተሳደብኩ ወጣሁ።

ከሜዳው ዳር ቆማ አገኘኋት። ኮፈኗ ተከፍቷል። ጋሼ መንገሻ ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ዕቃ ያቀብላሉ። ሞተሩ ውስጥ የገቡት እትዬ ቆንጅት ናቸው፤ ካቻቢቴ በጥርሳቸው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር ሆኖ። ገመዴን ሲያዩ ካቻቢቴውን ከአፋቸው አወጡ።

"ማን ጠራህ? ተመለስ!" አሉኝ። "ትንሽ ነገር ናት።"

አልተመለስኩም። እጅጌዬን ሰብስቤ አጠገባቸው አጎነበስኩ።